መጫኛ ላይ ያደሩ ሰዎች

ከጻፍኋቸው ገጾች ሁሉ አብልጬ የምወደው የመጀመሪያውን ነበር። ዘመኑ የጭነት መኪና ሊማሊሞን መውጣት የለመደበት፣ ደባርቅም የሾፌርና የነጋዴ ማደሪያ የሆነችበት ነው። ከገበያው ጀርባ አንዲት ጭስ የጠገበች የኪራይ ቤት አለች። መደብ ለመከራየት አቅሙ የማይፈቅድለት መንገደኛ ረጅም አግዳሚ ላይ ከሌሎች ጋር ተደርድሮ ይቀመጣል። ከፊታቸው፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ አንድ መጫኛ ተወጥሯል፤ ያው ጭነት አጋሰስ ላይ የሚታሰርበት ረጅሙ ጠፍር ነው። ደረታቸውን መጫኛው ላይ ጥለው፣ ክንዳቸውን ወዲያ አንጠልጥለው ያድራሉ። ሲነጋ የቤቱ ጌታ የመጫኛውን አንድ ጫፍ ይፈታዋል፤ ያደረው ሁሉ በአፍጢሙ ተደፍቶ ይነቃል። በእኔ መጽሐፍ አንድ ማለዳ አሥራ አንድ ሰው ተደፋ፤ አሥሩ እየተራገመ ተነሣ። አሥራ አንደኛው የጨው ነጋዴ ነበር፤ እሱ አልተነሣም። ጀርባው ላይ የወስፌ ቀዳዳ ነበረው።

የወንጀል ልቦለዴ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ይጀምር ነበር ልበል፤ መጽሐፉ አልወጣም። ይህን ገጽ መምህራን ክፍል ውስጥ ሳነብላቸው የሒሳቡ መምህር ሻዩን በእጁ እንደያዘ አቀዘቀዘው፤ ሌላው ደግሞ 'አያቶቻችን እንዲህ ነበር የሚያድሩ?' ብሎ ራሱን ነቀነቀ። እኔም 'አዎ፣ እንዲህ ነበር' አልሁ። አፌን ሞልቼ።

ደባርቅ ላይ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመርሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ያደግሁት ግን ዳባት ነው፤ በሚኒባስ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ። ስለዚህ አገር የተጻፈ ሞልቷል። ደረስጌ ማርያም ማን እንደነገሠና ዘውዱን ማን እንደጫነለት ተማሪዎቼ በቃላቸው ይወጡታል። ከመናኸሪያው ጀርባ፣ ታች ሰፈር ስላደረው ሰው ግን አንድ መስመር የጻፈ የለም። ነገሥታቱ ጸሐፊ ነበራቸው፤ የታች ሰፈር ድሃ የነበረው ቁንጫ ብቻ ነው።

ለወንጀል ልቦለድ ደግሞ ቁንጫው ያስፈልጋል። አንባቢ ገዳዩን የሚያምነው መጀመሪያ ቤቱን ካመነ ነው። ቤቱ ምን ምን እንደሚሸት፣ በሩ በምን እንደሚዘጋ፣ ብርዱን በምን እንደሚመክቱት ካላወቅሁ ሬሳዬ የአሻንጉሊት ሬሳ ይሆናል። መዝገብ ፈለግሁ፤ የለም። ፎቶግራፍ ፈለግሁ፤ ያገኘሁት ሁለት ሹማምንትና አንድ በቅሎ ነው። ስለዚህ ወደ አጎቴ ሄድሁ።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሰማንያን ተጠግተዋል። ዕድሜያቸውን ሰሜን ተራሮች ላይ ለቱሪስት ምግብ ሲያበስሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ድንኳን ውስጥ፣ በዚያ ነፋስ፣ ፈረንጅ ጣቱን የሚልስበትን ሾርባ ያወጡ ነበር። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ ይውላሉ። እሳቸውና እናቴ የተወለዱት ታች ሰፈር ነው። ይህን አውቃለሁ። ከዚህ በላይ ግን አላውቅም ነበር፤ እናቴ ስለ ደባርቅ አታወራም።

አለማውራቷ ብቻ አይደለም፤ አትሄድም። ልጅ ሆና ዘመድ ወስዷት ዳባት አደገች ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ወደ ደባርቅ አልተመለሰችም። እኔ እዚህ ተቀጥሬ፣ ቤት ተከራይቼ፣ ወልጄ እንኳ ልትጠይቀኝ አልመጣችም። የገንፎውን ዱቄትና ቅቤውን ጠቅልላ በሰው ትልካለች። ምነው ሲሏት 'ብርዱን አልችለውም' ትላለች። ዳባት ቆላ ይመስል። እኛም 'እምዬና ብርዷ' እያልን እንስቅባት ነበር።

አጎቴ ግን በየዓመቱ በፋሲካ ሰሞን አንድ ጆንያ ነጭ ሽንኩርት አስጭነው ይመጡልን ነበር። ሲመጡ ዘው ብለው አይገቡም፤ ከአጥሩ በር ላይ ይቆማሉ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ትወጣለች፣ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ትላቸዋለች፣ አንገታቸውን ይደፋሉ፣ ከዚያ 'በል ግባ' ትላቸዋለች። ልጅ ሆኜ ምርቃት ይመስለኝ ነበር። ታናሽ ታላቋን እንዴት ትመርቃለች ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

ሌላም ያልጠየቅሁት ነገር ነበር። እናቴ ቤት፣ ከበሩ በስተቀኝ፣ አንዲት አሮጌ መጫኛ ግድግዳው ላይ ተሰቅላ ትኖር ነበር። በግ እንኳ አይታሰርባትም። አንድ ጊዜ ልብስ ላሰጣባት ብዬ ባወርዳት እናቴ ከእጄ ነጥቃ፣ አንድ ቃል ሳትናገር፣ መልሳ ሰቀለቻት። ስትሞት፣ አርባዋን አውጥተን ዕቃዋን ስንካፈል፣ አጎቴ 'ለእኔ ይችን ብቻ' ብለው መጫኛዋን አነሡ። ሌላው ለጋቢና ለብረት ድስት ሲጓተት እሳቸው አሮጌ ቆዳ መረጡ። እንዴት ያለ ሰው ነው ብዬ አለቀስሁ። ያን ዕለት ያፈሰስሁትን እንባ ዛሬ መልሼ ብወስደው ደስ ይለኛል።

አጎቴ ደጅ ደርሼ ለምን እንደመጣሁ ነገርኋቸው።

"የታች ሰፈርን ኑሮ? ለመጽሐፍ?"

"አዎ ጋሼ። አንቱና እምዬ የት ትተኙ እንደነበር፣ ምን ትበሉ እንደነበር፣ ሰዉ በምን ይተዳደር እንደነበር።"

"መጽሐፉን ማን ያነበዋል?"

"ሰው ሁሉ ነዋ።"

"ሰው ሁሉ" አሉና የከዘራቸውን ጫፍ መሬቱ ላይ አሽከረከሩ። "እንግዲያስ ነገ ነይ። ላስበው እስቲ።"

አሰቡት። በማግሥቱ ስመለስ እናቴ ትታት የሄደችው መጫኛ ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች፤ እሳቸውም መጫኛ ላይ ስለሚያድሩት ሰዎች ነገሩኝ።

ሁለት ክረምት ሙሉ ነገሩኝ። ትምህርት ሲዘጋ ስልኬን መቅረጫው ላይ አድርጌ እግራቸው ሥር እቀመጣለሁ። አንዱን መደብ ሁለት ሰው እንደሚከራየው፣ የሌሊት ዘበኛው ቀን ሲተኛበት ቀን የሚሠራው ሌሊት እንደሚተኛበት፣ ስለዚህም መደቡ ቀዝቅዞ እንደማያውቅ ነገሩኝ። ከሀብታም ቤት ተፈልቶ የተጣለውን የሻይ ቅጠል ለቅመው፣ አድርቀው፣ ቀለም ነክረው እንደ አዲስ ስለሚሸጡ ሴቶች ነገሩኝ። "ይቅርታ አድርጊልኝና" ብለው ደግሞ የውሻ አር በቅርጫት እየለቀሙ ቆዳ ለሚያለፉ ሰዎች ስለሚሸጡ አሮጊቶች ነገሩኝ። ሊማሊሞ መታጠፊያዎቹ ላይ ከመኪና የወደቀ ሚስማርና የከሰል ፍርፋሪ ከጭቃ ውስጥ እየቆፈሩ ስለሚያወጡ ልጆች ነገሩኝ። ሲናገሩ አይቸኩሉም፤ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንዱን ጨርሰው፣ 'ቀጥሎ ደግሞ' ብለው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። እንዴት ያለ ትዝታ ነው እል ነበር። እያንዳንዱ ነገር ሥዕል ሆኖ ይታየኝ ነበር።

እሳቸውና እናቴ የት ይተኙ እንደነበር ስጠይቅ ግን "እሱን እንመለስበታለን" ይሉኛል። ሁለት ክረምት አልተመለስንበትም።

በእሳቸው ቃል ብቻ አልተውሁትም፤ ሰነፍ አይደለሁም። ታች ሰፈር ዛሬም አለ፤ ግማሹ አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል፣ ግማሹ ፎቅ ሊሠራበት ታጥሯል። ከሰዓት በኋላ እየሄድሁ የቆዩትን ቤቶች ለካሁ። ሰዉ ለመንግሥት የምለካ መስሎት 'ሊያፈርሱብን ነው ወይ?' ይለኛል። አንዲት ሻይ የምትሸጥ ሴት ግድግዳ በስንዝር ስለካ አይታ 'እህቴ፣ ደኅና ነሽ?' አለችኝ። አንድ አሮጌ ቤት ምሰሶ ላይ የብረት ቀለበት ሳገኝ የመጫኛው ማሰሪያ ነው ብዬ ልቤ ዘለለ፣ ፎቶ አነሣሁት። ባለቤቱ ፍየል የሚያስሩበት መሆኑን ነገረኝ። አላመንሁትም።

ምስክርም ፈለግሁ። ገበያው ዳር ጨርቅ የሚሸጡ አንዲት ሙስሊም አዛውንት አሉ፤ ታች ሰፈር ተወልደው፣ እዚያው ተድረው፣ እዚያው ልጅ ያሳደጉ ናቸው። ሱቃቸው ገብቼ፣ ለአንገት ልብስ የሚሆን ጨርቅ አስቆርጬ፣ ስለ መጫኛው ጠየቅኋቸው። ጨርቁን በክንዳቸው እየለኩ ነበር። እጃቸው ቆመ።

"እንዲህ ያሉሽ አጎትሽ ናቸው?"

"አዎ እማማ።"

"እሳቸው ካሉ እንግዲህ" አሉና መለካታቸውን ቀጠሉ።

ቤቴ ገብቼ ደብተሬ ላይ 'ተረጋግጧል' ብዬ ጻፍሁ። ከሥሩም አሰመርሁበት።

መጽሐፉ በሦስተኛው ዓመት አለቀ። አዲስ አበባ ያለ አንድ አሳታሚ ሦስት ምዕራፍ አንብቦ ቀሪውን ላኪ አለኝ፤ ላክሁ። ውል ሊልኩልኝ ነው ተባለ። ልጄ ለጓደኞቿ 'እማዬ ደራሲ ናት' ማለት ጀመረች። መግቢያው ላይ እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፤ እዚህ ውስጥ ያለው ሰው የፈጠራ ነው፣ ኑሮው ግን እውነት ነው፣ አንድ በአንድ ከአጎቴ አፍ የወጣ ነው። መታሰቢያነቱም ለእሳቸው ሆነ። እናቴ ያላወራችልኝን አገር የሰጡኝ እሳቸው ናቸው ብዬ አምኜ ነበር፤ ደባርቅ ላይ እንደ እንግዳ መኖሬ ያበቃው በእሳቸው ነው ብዬ።

የአሳታሚው አርታኢ የደወለልኝ በእረፍት ሰዓት ነው። ጫጫታውን ሸሽቼ ከባንዲራው ሥር ቆምሁ።

"እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ" አለ። "ይህ ደባርቅ አይደለም። ለንደን ነው።"

"ምን ማለት ነው?"

"የድሮዋ ለንደን። ከመቶ ዓመት በፊት የነበሩት የድሃ ሰፈሮቿ። ገመድ ላይ ተደግፎ ማደሩ፣ የሻይ ቅጠሉ፣ የውሻው ነገር፣ ከወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ ከሰል የሚለቅሙት ልጆች፤ ሁሉም እዚያ የነበረ ነው፣ ብዙ ተጽፎበታል። አንቺ ገመዱን መጫኛ ብለሽዋል፣ ወንዙን ሊማሊሞ አድርገሽዋል።"

እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ለንደን የማውቀው ግን መማሪያ መጽሐፉ ላይ ያለውን ባለ ፎቅ ቀይ አውቶቡስ ነው። ይህን ብለው ማን ያምነኛል? 'ሰርቀሻል' አላለኝም። 'ምንጭሽን አሳይኝና እንነጋገራለን' ብቻ ነው ያለኝ። ነገሩ ግን ያው ነው።

"የእናቴን አጥንት!" አልሁት። "ከአጎቴ አፍ ነው የሰማሁት። እሳቸው ደግሞ አይዋሹም።"

በዚያው ቀን ከትምህርት ቤት በቀጥታ ወደ አጎቴ ቤት ሄድሁ። ስልኬን ሞልቻለሁ። ቃላቸውን፣ ስማቸውንና ዕድሜያቸውን ተናግረው፣ አንድ ጊዜ ደግመው እንዲሰጡኝና ያን አርታኢ ላሳፍረው ነው ሐሳቤ። የማርያም ዕለት ስለነበር ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሱም። ባለቤታቸው ደጃፉ ላይ ነጭ ሽንኩርት እየጎነጎኑ ነበር። ነፋሱ ያንቀጠቅጣል።

"ግቢ ልጄ፣ ብርዱ ይገድልሻል። ከሳጥኑ ጋቢ አውጥተሽ ልበሽ።"

ሳጥኑን ከፈትሁ። ከጋቢው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ወፍራም ነገር ነበር። መጽሐፍ አጎቴ ቤት አይቼ አላውቅም፤ ማንበብም እምብዛም አይችሉም። ፈታሁት። ልባሱ የተገነጠለ፣ የድሮ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው፤ በየገጹ የብዕር ሥዕል አለው። ገለጥ ሳደርገው ራሱ ተከፈተ፣ ብዙ ጊዜ በተከፈተበት ቦታ። አንድ ረጅም አግዳሚ። ከፊቱ የተወጠረ ገመድ። ገመዱ ላይ ደረታቸውን ጥለው፣ ክንዳቸውን አንጠልጥለው፣ ባርኔጣ ለብሰው ያንቀላፉ ሰዎች። የገጹ ጠርዝ ላይ የቅባት ጣት አሻራ ነበር፤ የምግብ አብሳይ ጣት።

ቀጥዬ ገለጥሁ። አሮጊቷና ቅርጫቷ። ቀጥዬ ገለጥሁ። በወንዝ ዳር ጭቃ ውስጥ የሚቆፍሩ ልጆች። 'ቀጥሎ ደግሞ፣ ቀጥሎ ደግሞ' ይሉ የነበረው ለካ ገጽ ሲገልጡ ነው። ቅደም ተከተሉ እንኳ አልተለወጠም።

"እትዬ፣ ይህ ከየት መጣ?"

ቀና ብለው አዩኝ። "ያ እንግሊዝ የሰጣቸው ነው። ተራራው ላይ ታሞ ስምንት ቀን ያስታመሙት። የአገሩን ድሃ ነገር ያጠና ነበር አሉ፤ አስተርጓሚው እየነገራቸው ሥዕል በሥዕል ያውቁታል።" ጥቂት አሰቡና ጨመሩ። "አንቺ የምትመጪ ቀን ጠዋት ጠዋት አውጥተው ያዩታል።"

እኔ ክፍል ከመግባቴ በፊት ትምህርቴን እንደማዘጋጀው እሳቸውም ለእኔ ይዘጋጁ ነበር። ሁለት ክረምት።

"አንቱስ ያውቁ ነበር?"

"እኔ ምን አገባኝ ልጄ። የእህትና የወንድም ነገር ነው።"

ያኔ ነው የጨርቅ ነጋዴዋ ድምፅ ጆሮዬ ላይ የመጣው። 'እሳቸው ካሉ እንግዲህ።' በእኛ አገር የታላቅ ሰው ቃል 'ሐሰት ነው' አይባልም፤ 'እሳቸው ካሉ እንግዲህ' ይባላል፣ ሰሚውም ይገባዋል። ይህን ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ሰው ነኝ። ከፈረንጅ አገር የመጣ ቢሳሳት ያምርበታል፤ እኔ ግን 'ተረጋግጧል' ብዬ አሰመርሁበት። ፍየል አሳሪው እንኳ እውነቱን ነግሮኝ ነበር። ከሞኝ ደጅ ሞፈር ይቆረጣል፤ እኔ ደጅ ግን ዱር ሙሉ ተቆርጧል።

ስሜ እንደጠፋ ገብቶኛል፤ መጽሐፉም እንደቀረ። ያቃጠለኝ ግን እሱ ብቻ አይደለም። እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ 'አሁንስ ዘመዴን አወቅሁ' እያልሁ የተደሰትሁበት እያንዳንዱ ከሰዓት ነው ያቃጠለኝ። ከእናቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም ነበር።

የአጎቴ ከዘራ ድምፅ ደፉ ላይ ተሰማ። ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ። መጽሐፉን ጭኔ ላይ አዩት።

"አገኘሽው" አሉ።

"ጋሼ፣ ከነገሩኝ አንዱም እውነት አይደለም?"

መደቡ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። "እውነት ነው እንጂ። እንግሊዙ ነው የነገረኝ። እሱ አይዋሽም።"

"የታች ሰፈር ነው ብለው ነው የነገሩኝ።"

"ድህነት ያው ድህነት ነው ልጄ።"

"አይደለም!" ድምፄ ከእኔ ቀድሞ ወጣ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እሳቸው ላይ ጮኽሁ። "ለሰው ሁሉ ማልሁልዎት። በእናቴ አጥንት ማልሁ። ሌባ ተባልሁ።"

ባለቤታቸው የጎነጎኑትን ሽንኩርት አንሥተው ወደ ጓሮ ወጡ። አጎቴ እጃቸውን ከዘራው ላይ ደራረቡ።

"ሰው ሁሉ ያነበዋል አልሽኝ" አሉ። "ሰው ሁሉ። የእናትሽን ገመና ገበያ ላይ ላውለው? ባዶ እጅሽን እንዳልመልስሽ ደግሞ ልጅ ነሽ፣ ከደጄ መጣሽ። ስለዚህ የእኛን ገመና ከማወጣ የሰው ሰጠሁሽ። እነሱ እንደሆነ ራሳቸው ጽፈውታል፣ ሥለውታል። አያፍሩበትም።"

እዚህ ላይ ልቤ ሊራራላቸው ነበር፤ አልዋሽም። ገመና መሸፈን ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ሟች እናቴን ከለሉልኝ ብዬ ተነሥቼ ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም። ዓይናቸው ግን እኔ ላይ አልነበረም። ከኋላዬ ወደተሰቀለችው መጫኛ ያያሉ።

"የትኛው ገመና?" አልኋቸው። "አሁን ይንገሩኝ። መቅረጫ የለም።" ስልኬን አውጥቼ ፊታቸው ዘጋሁት።

ሲጀምሩ እንደ ሁለቱ ክረምት ዓይናቸውን አልጨፈኑም፤ 'ቀጥሎ ደግሞ'ም አላሉም።

"መደብም አልነበረን። የአንድ ነጋዴ የበቅሎ ጋጥ ውስጥ ነው የምናድር፣ ከበሩ ሥር። እናታችን ውኃ እየቀዳች ነው በውለታ የገባን። ሦስታችን በአንድ ደበሎ። አንድ ክረምት ከበደብን፤ እናታችን ማሳል ጀመረች። ዳባት አንድ ቤት ለሥራ የምትሆን ሴት ልጅ ይፈልጋሉ ተባለ። 'አንተ ውሰዳት፣ እኔ አልችልም' አለችኝ። እኔ አሥራ አራት፣ እሷ ስምንት ዓመቷ ነው።"

"ዘመድ ወሰዳት ነው የተባልሁት።"

"ዘመድ አይደሉም። ምንም አይደሉም።" ከዘራቸውን አዞሩ። "አልሄድም ብላ ብታለቅስስ ብዬ ፈራሁ። ስለዚህ 'ገበያ ነው የምንሄድ፣ ገብስ ጭነን እንመለሳለን' አልኋት። እንድታምነኝ ብዬ ይችን መጫኛ ከነጋዴው ጋጥ አንሥቼ ትከሻዋ ላይ ጣልሁላት። መጫኛ ይዞ የሄደ ሰው ጭኖ ሊመለስ ነው። ልጅም ብትሆን ይህን ታውቃለች። ደስ አላት። መንገዱን ሁሉ እሷ ናት የተሸከመቻት፤ ሲደክማት እሷን አዘልኋት፣ መጫኛዋን ግን አልሰጠችኝም።"

ነፋሱ በሩን ገፋ። አልተነሣሁም።

"ገበያው ውስጥ ገብስ ተራ አጠገብ አቆምኋት። 'ይችን ይዘሽ እዚህ ቁሚ፣ አህያ ተከራይቼ ልምጣ' አልኋት። ሰዎቹ ከወዲያ ሆነው ያዩናል፤ እኔ ስሄድ ይወስዷታል ተብሏል። በእህል ነጋዴዎቹ መሀል ዞሬ ወጣሁ። ወደ ኋላ አላየሁም።"

እናቴ ዳባት ገበያ ስትሄድ ገብስ ተራን ዞራ እንደምታልፍ ትዝ አለኝ። ገብስ የምንገዛው ሁልጊዜ ከጎረቤት ነበር። ስስት ይመስለኝ ነበር።

"ታዲያ የእምዬ ገመና የቱ ጋ ነው?" አልኋቸው። ድምፄ ወርዶ ነበር፤ ከጩኸቱ ይልቅ ይህ እኔንም አስፈራኝ። "እሷ ምን አደረገችና ነው የምታፍረው? ቁሚ ተባለች፣ ቆመች። የሸፈኑት የእሷን አይደለም ጋሼ። የራስዎን ነው።"

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ፤ ይህን ደግሞ በልቤ ነው ያልሁት። ሙታን አይናገሩም ብለው በእሷ ስም ዋሹ። እኔንም ልክ እሷን እንዳደረጉት አደረጉኝ፤ የማምነውን ነገር እጄ ላይ አስይዘው ሄዱ። ሦስት ዓመት ቆሜ ጠበቅሁ።

ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ አላዘንሁላቸውም፣ ዛሬም አላዝንም።

"መጫኛዋንስ ከእምዬ ዕቃ ለምን መርጠው ወሰዷት?"

"አንቺ አንድ ቀን 'ይች ምንድን ናት?' ብለሽ እንዳትጠይቂ።"

አልጠየቅሁም ነበር። ሁለት ክረምት ሙሉ ከጀርባቸው ተሰቅላ ሳያት፣ ግድግዳ በስንዝር ስለካ፣ የፍየል ማሰሪያ ፎቶ ሳነሣ፣ አንድም ቀን አልጠየቅሁም።

"ሰዎቹ ሊወስዷት ሲመጡ እንቢ አለች" አሉ፣ ማንም ሳይጠይቃቸው። "'ወንድሜ አህያ ይዞ ይመጣል፤ እኔ ከሄድሁ በምን ይጭናል?' አለቻቸው። ቢጎትቷትም አልለቀቀችም። ገበያው ተፈትቶ፣ ሰዉ ሁሉ ገብቶ፣ እሷ መጫኛዋን እንዳቀፈች እዚያው ነበረች።"

"ይህን ማን ነገረዎት?"

"እሷው ናት።"

"መቼ?"

"በየዓመቱ" አሉ። "ከአጥሩ በር ላይ። ሳልገባ።"

ተነሥቼ መጫኛዋን ከግድግዳው አወረድኋት። አልከለከሉኝም። መጽሐፋቸውን መደቡ ላይ ተውሁላቸውና ወጣሁ።